ኮሽታው የጠፋበት ካፖርት

ሰፈር ውስጥ የተወራው እንዲህ ነው፤ ላውንደሪ ቤት ልብስ የምትተኩሰው ሴትዮ፣ በቅጽል ስሟ ካውያ፣ በስተርጅና ወንድ ይዛለች። ወንዱም ጎረምሳ ነው። ማስረጃ? ዓርብ ዕለት የወንድ ካፖርት ደረቷ ላይ ታቅፋ፣ እንደ ሕፃን እያባበለች፣ ወደ ቤቷ ስትገባ ታይታለች። ወሬው የታላቅ እህቷ ፀጉር ቤት ሲደርስ ደግሞ ካፖርቱ ውስጥ ሰው ገብቶበት ነበር። አንዷ ደንበኛ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ተቀምጣ «ጢሙን ሳይቀር አይቼዋለሁ» አለች።

እውነቱን ለመናገር ካፖርቱ አለ። ጎረምሳውም አለ። ጢምም አለው፣ በደንብ ያልበቀለ። የተሳሳተው ቀሪው ነው። ሴትዮዋን የያዛት ወንድ ሳይሆን ባንድ ነው።

ባንዱ «ሦስተኛው ካልሲ» ይባላል። አንዷ ልጅ ሆን ብላ ሁለት ክሩን የፈታችበትን ጊታር ትመታለች። አንዱ ከበሮ መግዛት ሲችል ሻንጣ ይደበድባል። ዘፋኙ ደግሞ በካፖርቱ ይጫወታል። አዎ፣ በካፖርቱ። ከሸራ የተሰፋ፣ ከተሰፋ ወዲህ ውሃ ያላየ፣ በቀለምና በላብ ደርቆ ቆርቆሮ ያከለ ካፖርት ነው። እጅጌውን ማይኩ ስር ከደረቱ ጋር ሲያፋትገው ኮሽ፣ ኮሽ፣ ክሽሽ ይላል፤ ደረቅ ቅጠል ላይ ሠራዊት የሚያልፍ ይመስላል። ሮክ ነው ይላሉ እነሱ። ሬዲዮ አያውቃቸውም። ራሳቸው ይደርሱታል፣ ራሳቸው ይቀዱታል፣ በር ላይ ቆመው ራሳቸው ይሸጡታል።

ካውያ እንዴት እዚህ ውስጥ ገባች? ባሏ ከሞተ በኋላ ቤቷ ውስጥ ድምፅ የሚያሰማው ፍሪጁ ብቻ ነበር፤ እሱም እየተንተባተበ። ሲብስበት በእርግጫ ትለውና መልሳ «ይቅርታ» ትለዋለች። አንድ ከሰዓት ታዲያ ላውንደሪው ጀርባ ካለው ጋራዥ አንድ ጎረምሳ ፍሪጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ሰማች፤ ያውም በዜማ። መጀመሪያ ሰው የሰለላት መሰላት። ቀጥሎ ሳቋ አመለጣት፤ የሰው ሸሚዝ ሊቃጠል ምንም አልቀረው። ከዚያ ወዲህ እሑድ ከሰዓት ከጋራዡ ቀርታ አታውቅም። ግጥሙን ሁሉ በቃሏ ይዛዋለች፤ ዘፋኙ ሲረሳ የምታስታውሰው እሷ ናት። ሻንጣ መቺው ሲስት እንኳ «አስቦበት ነው» ብላ ትከራከርለታለች፣ ልጁ ራሱ «ኧረ ተሳስቼ ነው ማዘር!» እያላት።

አንድ ችግር ብቻ አለባት። ዘፈን ስትሰማ ዓይኗን ትጨፍናለች። ስለዚህ ያ ኮሽታ ከሻንጣው የሚወጣ ነበር የሚመስላት።

ዓርብ ዕለት ዘፋኙ ካፖርቱን አውልቆ ሰጣት። «ማዘር፣ ብብቱ ተቀዷል። እሑድ አዲሱን ሥራ እንቀዳለን፤ ትሰፊልኛለሽ?» አላት። ከሰው ሁሉ መሀል እሷን የመረጣት መሰላትና እንባዋ መጣ። ብብቱን ሰፋችው። ከዚያ ኮሌታውን አየችው። ከዚያ እጅጌውን። ቆሻሻ ልብስ አይቶ ዝም ማለት የማይሆንለት እጅ ነው የተሰጣት። ዘፈዘፈችው፣ አሸችው፣ ማለስለሻ ጨመረችበት፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋ ወዲህ ወዲያ ተኮሰችው። ሙሽራ የሚለብሰው መሰለ።

ስልኳ ጮኸ። ጊታር መቺዋ ናት።

«ሄሎ ማዘር! ብብቱ አለቀ?»

«አልቋል የኔ ልጅ! ምን የመሰለ ሆኗል መሰለሽ።»

«ጎሽ! አደራ ታዲያ ውሃ እንዳይነካው። ከበሯችንም ፒያኗችንም እሱ እኮ ነው። ነገ ካፖርቱ ካልጮኸ ምን እንቀዳለን?»

«አይ… ውሃማ…» አለች ካውያ። ስልኩ ተዘግቷል።

እጅጌውን ይዛ ከደረቱ ጋር አፋተገችው። ጸጥ። ድመት ሶፋ ላይ ስትወጣ ከዚያ የበለጠ ድምፅ ታሰማለች።

ይሄኔ ነው በሩ የተበረገደው። ታላቅ እህቷ የፀጉር ቤት ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ገብታ አልጋ ስር አጎንብሳ አየች።

«የት አለ?»

«ማን እትዬ?»

«አታሞኚኝ! ባለ ጢሙ!»

«እዚህ ያለው ካፖርቱ ብቻ ነው።»

እህትየው ካፖርቱን አገላበጠችው፣ ኪሱን ፈተሸችው። ሰው የለበትም። እፎይ ብላ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ትንሽ ቆይታ ግን ከፋት። «ታዲያ ፀጉር ቤት የሚጠብቁኝን ምን ልበላቸው?»

«እትዬ፣ ከወንድ የባሰ ነገር ውስጥ ነው ያለሁት» አለች ካውያና ሁሉንም ነገረቻት።

«እና? አጠብሽለት። ይመርቅሽ እንጂ!»

«ያጠብኩት ድምፁን ነው እኮ! ነገ ካልጮኸ በምን ፊቴ እዚያ እቆማለሁ? ሌላ የምስቅበት ቦታ የለኝም እትዬ።»

እህትየው ልትቀልድ አፏን ከፍታ የታናሿን ፊት ስታይ መልሳ ዘጋችው። ሽርጧን አጠበቀች። «ኮሌታ የምታደርቂበት ስታርች አለሽ?»

አለ። ገንፎ እስኪመስል አወፈሩት፣ ካፖርቱን ነከሩት፣ ፀሐይ ላይ ዘረጉት። ሲደርቅ ብቻውን የሚቆም ሆነ፤ ድምፅ ግን የለውም፣ ሳንቃ ነው። መጨማደድ አለበት። ካውያ ዕድሜዋን ሙሉ የተጨማደደ ስታቃና የኖረች ናት፤ አንዱን ጥግ ጨምድዳ ሳትጨርስ መዳፏ በራሱ ተመልሶ ያቃናዋል።

«እጅሽን አንሺ!» አለች እህቷ። «አንቺ ልታበጂው ነው ልታበላሺው? ዞር በይልኝ፣ እኔ ልቀመጥበት።»

ተቀመጠችበት። እህትየው ስትቀመጥ የምታቅማማ ሴት አይደለችም። ክርርሽ!

«ሰማሽ?» አለች ካውያ ብድግ ብላ።

«ሰምቻለሁ። ካፖርቱ ነው ወይስ ወገቤ?»

ሁለቱም ተንከተከቱ። ከዚያ ተራ በተራ እየረገጡ፣ እየጠመዘዙ፣ ፍራሽ ስር እየወተፉ አበላሹት። ጎረቤት ሳቁን ሰምቶ ምን እንዳለ አይጠየቅም።

እሑድ ከሰዓት ካውያ ጋራዡ በር ላይ ዘፋኙን አገኘችው። «አጥቤዋለሁ» አለችው። «ተኩሼዋለሁም። ይቅርታ አድርግልኝ።» ፊቱ አመድ መሰለ። «ማዘር!» አለ፤ ግን መቅጃው ተከፍቷል፣ ሰው ሞልቷል። ካፖርቱን ለብሶ ወጣ።

ካውያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ከፍታ ቆመች። የእህቷን ክንድ ጨምድዳ ይዛለች። ጊታሩ ጀመረ፣ ሻንጣው ተከተለ፣ ዘፋኙ እጅጌውን ወደ ደረቱ አመጣ፣ ፈራ ተባ እያለ ገፋው።

ክርርሽ አለ ካፖርቱ። ሲስበው ደግሞ ጭርር።

ዘፋኙ ቆመና ካፖርቱን አየው። እንደገና ገፋ፣ እንደገና ሳበ። በዚያ ባልበቀለ ጢሙ ስር ጥርሱ ብቅ አለ። ጊታር መቺዋ ሳቋን መያዝ አቅቷት ክሩን ሳተች፣ ሻንጣ መቺውም ያለ ቦታው መታ፣ ዘፈኑም እንደዚያው ስቶ ቀጠለ፣ ሕዝቡ አብሮ ጮኸ። ካውያ ከትናንት ጀምሮ አፍና የያዘችው ትንፋሽ ወጣላት። ባዶ ሳጥን ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የፍሪጁን ይቅርታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብራ ዘፈነችው። እንደዚያ ቀልሏት አያውቅም።

ሲያበቃ ዘፋኙ እየሮጠ መጣ። «ማዘር፣ ምን አድርገሽው ነው? ዱሮ አንድ ድምፅ ነበረው፤ አሁን እኮ ሁለት ነው!»

«እህቴ ተቀምጣበት ነው።»

«ሲለሰልስ ደግሞ ትቀመጥልን?»

«እኔ የማንም ሙዚቃ መሣሪያ አይደለሁም» አለች እህትየው፤ ከንፈሯ ግን የፍሪጁን ዜማ እያንጎራጎረ ነበር፤ ስታፍርበት ሳል አስመሰለችው።

ልጆቹ ዕቃ መሰብሰብ ጀመሩ። ካውያ ሳጥኑ ላይ እንደተቀመጠች፣ ልቧ ወደ ቦታው ተመልሶ፣ ጎንበስ ብሎ ገመድ የሚጠቀልለውን ዘፋኝ ከኋላው ስታየው ቆየች።

«ሱሪው ግን ትንሽ ካውያ ቢያይ አይሻልም?» አለች።

ዘፋኙ ገመዱን ይዞ ሮጠ፣ ጊታር መቺዋ ካፖርቱን አንስታ ከጀርባዋ ደበቀችው፣ እህትየውም የጋራዡን ጣሪያ ታጠና ጀመር።