የቡላው እከክና የጎረቤቴ ፌስታል

ሁለቱ ውሾች ከአንድ ሆድ የወጡ ወንድማማቾች ናቸው። ቆቦ፣ ከሰፈራችን በላይ ማሽላ ማሳው ዳር የምትኖር አንዲት ሴት፣ ውሻዋ ስድስት ብትወልድባት ለፈለገ ሁሉ ስታድል፣ እኔና የአጥር ጎረቤቴ አብረን ሄደን መረጥን። እኔ ቡላውን አንስቼ ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። ጎረቤቴ ጥቁሩን በጣቷ አመለከተችና በቅርጫት ተሰጣት።

ጎረቤቴ ሙስሊም ናት። የውሻ ምራቅ ከነካት ለሶላት ስትነሳ ጣጣው ብዙ ነውና ውሻ በባዶ እጇ አትነካም። ጠባቂ ግን ያስፈልጋታል፤ ባሏ እህል ነጋዴ ነው፣ መጋዘናቸው ባዶ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ ለጥቁሩ በሩ አጠገብ ማደሪያ አበጀችለት፤ የራሱ የተሰነጠቀ ሳፋ፣ የራሱ ጆንያ። ጆንያውን በየሳምንቱ ሐሙስ የፈላ ውሃ ታፈስበትና ፀሐይ ላይ ትዘረጋዋለች። ውሻውን መያዝ ግድ ሲሆንባት እጇን ፌስታል ታጠልቃለች።

እኔ ደግሞ ልጆቼ ትዳር ይዘው ወደ ወልድያና ወደ አላማጣ ከወጡ ወዲህ የቤቴ ሰው ቡላው ነው። የሚተኛው አጎዛዬ ላይ ነው። ስቆርስ የመጀመሪያው ጉርሻ የእሱ ነው። በዚያ ላይ በሰፈሩ የውሻ ነገር የሚጠየቀው እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ እያየሁ ነው የለመድኩት። መዥገር ጭንቅላቷ ሥጋ ውስጥ ሳይቀር እንዴት እንደምትነቀል፣ ቁንጫ ጅራት ሥር እንዴት እንደሚፈለግ፣ ጭርት ክብ ሆኖ እንደሚመልጥ፣ ይህን ሁሉ ለሰው ስነግር የኖርኩ ሴት ነኝ።

እንግዲህ በዚያ በጋ፣ ያ የቆላ ሙቀት ውሻውንም ሰውንም ጥላ ለጥላ ሲያባርር፣ ጥቁሩ እንደተወለወለ ጫማ ማብራት ጀመረ። የእኔው ቡላ ጆሮው ጠርዝ ላይ ፀጉሩ ሳሳ። ቁንጫ ነው ብዬ አመድ ነሰነስኩበት። ከዚያ ክርኑ ተላጠ፣ ቀጥሎ ሆዱ፤ ቆዳው እንደደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ቀን ያካል፣ ሌሊት ያካል። ከጎብዬ ገበያ የሚመለሱ ሴቶች በደጄ ሲያልፉ ቆም ብለው አንዴ እሱን አንዴ ጥቁሩን ያያሉ። አንዷማ፣ «ወንድማማቾች ናቸው ስትይ አልነበር? ይሄኛው የእንጀራ ልጅ ነው እንዴ?» ብላኝ ሄደች።

ያቺ ቃል እንደ እሾህ ገባችብኝ። እኔ አቅፌ፣ አጉርሼ፣ አብሬ ተኝቼ ያሳደግኩት ሲመልጥ፣ ጎረቤቴ በጣቷ እንኳ የማትነካው ውሻ ያበራል! በአጥሩ ቀዳዳ ማየት ጀመርኩ። ምን እያበላችው ነው? ቅቤ ነው? እንቁላል ነው? እኔም ለቡላው እንቁላል ሰበርኩለት። ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። አንድ ጠዋት ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል፣ ይሄ ነገር እከክ ይመስለኛል፣ ለከብት ሐኪሙ ብታሳይው አለችኝ። መልሴን ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። «የእኔ ውሻ የእኔ ነው» አልኳት።

ከእኛ በታች በረሃ ወርጄ ግመል ሲያከው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሲቀቡት አይቼ ነበር። አላማጣ መንገድ ላይ ካለው ጋራዥ በሃይላንድ ጠርሙስ አስሞልቼ መጣሁና ቡላውን ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ቀባሁት። እውነቱን ልናገር፤ መዳኑን ብቻ ብዬ አልነበረም። ዘይቱ ፀሐይ ላይ ሲያበራ ሳየው ደስ አለኝ። በገመድ ይዤው ወጣሁና በጎረቤቴ በር ፊት ለፊት ሁለቴ አመላለስኩት። እሷ ደጇን እየጠረገች ነበር። ቀና ብላ አየችንና መጥረጓን ቀጠለች።

ከሰዓት በኋላ ቡላው ዘይቱን ከገላው ይልስ ጀመር። ለሃጩ ተዝረበረበ፣ አስመለሰው፣ እግሩ ተንቀጠቀጠ። ላነሳው እጄን ስዘረጋ ጆሮውን ጥሎ ከእጄ ሸሸ። ያ ውሻ ከእጄ ሸሽቶ አያውቅም። ውሃ ላመጣ ዞር ስል በበሩ ሾልኮ ወጣ።

እስከ አስፋልቱ ሮጥኩ። ባጃጅ ነጂዎቹን ሁሉ ጠየቅኩ፤ ያየው የለም። የሆነ ቱቦ ውስጥ ወድቆ ይሞታል፣ የገደልኩት እኔ ነኝ እያልኩ ስመለስ ጎረቤቴ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ውሻሽ እኔ ግቢ ነው» አለች። «ዘይቱን ልሷል። ሐኪሙ ጋ ደውያለሁ።»

ገባሁ። ጥቁሩ ራቅ ተደርጎ ታስሯል። ቡላው ግድግዳው ጥግ ተጋድሟል። ስሙን ስጠራ ጭንቅላቱን አነሳ፣ አየኝ፣ ከዚያ እየተጎተተ ሄዶ ከእሷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀ። በሕይወቴ ብዙ ቀንቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን አንጀቴን ያቃጠለኝ የለም።

ሐኪሙ በሞተር ሳይክል ደረሰና መጀመሪያ ዘይቱ ይታጠብ አለ። ጎረቤቴ ሁለት እጇን ፌስታል አጠለቀች፣ ለእኔም ሁለት ዘረጋችልኝ። እኔ በባዶ እጄ ነው ያሳደግኩት አልኩ። ክንዴ ላይ የወጣውን ቀይ ሽፍታ አየችና፣ «እሱማ ይታያል» አለች። ሐኪሙ ሳቀ። ለካ ሳምንት ሙሉ የትንኝ ነው ብዬ የማከው ከቡላው የተጋባብኝ ኖሯል። አጠለቅኩ።

በለብታ ውሃና በዕቃ ሳሙና ሦስቴ አጠብነው። ከዚያ ሐኪሙ የቡላውን የጆሮ ጠርዝ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት ሲያደርገው፣ የውሻው የኋላ እግር ብቻውን ተነስቶ አየር መቧጠጥ ጀመረ። እንዲህ ሲያደርግ እከክን ጠርጥሩ አለን። ያን ሁሉ ዓመት የውሻ አዋቂ ነኝ ስል ይህን አላውቅም ነበር። ለመርፌው ክብደቱ መታወቅ አለበት፣ የከብት መጠን በግምት ቢወጋ ውሻ ይገድላል ሲል፣ ቡላው በጆንያ ሆኖ በባሏ የማሽላ ሚዛን ላይ ተሰቀለ። ለመርፌው ግን የዘይቱ መርዝ ይውጣለት ብሎ ሦስት ቀን ጠበቀ። ያን ጊዜ ጥቁሩም አብሮ ተወጋ። እኔ ጤና ጣቢያ እንድሄድ፣ አጎዛው እንዲቃጠል፣ ሁለተኛውም መርፌ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዲሆን አዘዘ።

ቡላው እስከዚያ ከእሷ ዘንድ ቀረ። ከእጄ አልበላም አለ፤ እሷ ፌስታል ባጠለቀ እጇ ሳፋው ላይ ስታስቀምጥለት ይበላል። በየቀኑ ምግቡን ይዤ እሄዳለሁ፣ እሰጣታለሁ፣ እሷ ታስቀምጥለታለች፣ እኔ ቆሜ አያለሁ። አንድ ቀን አልቻልኩም፤ እከክ መሆኑን ከእኔ በፊት እንዴት እንዳወቀች ጠየቅኳት።

«አንቺ አቅፈሽው ስለምትውይ አታዪውም» አለች። «እኔ ስለማልነካው ያለኝ ዓይኔ ብቻ ነው።»

ቀደም ብለሽ አጥብቀሽ ብትነግሪኝስ አልኳት። «ነገርኩሽ እኮ» አለችና፣ የእኔን ድምፅ አስመስላ፣ «‹የእኔ ውሻ የእኔ ነው!›» አለች። ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ በግድ ነው የሳቅኩት።

ሁለተኛውን መርፌ በተወጋ ቀን ጆሮው ላይ ገና እንደበቀለ ጤፍ ስስ ፀጉር ወጥቶ ነበር። ሐኪሙ ቤቱ ሊገባ ይችላል አለ። አጎዛዬን አቃጥዬ፣ በሬ አጠገብ ጆንያ አንጥፌ፣ ሳፋ ገዝቼ ነበር። ከበሯ ላይ ቆሜ ጠራሁት። ተነሳ፣ ወደ እሷ ዞረ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ደግሜ ጠራሁት፤ ጅራቱን ወዘወዘ፣ ከቦታው ግን አልተነቃነቀም። እሷ መሬት መሬት ታያለች፤ ለእኔ ስታፍርልኝ አየኋት፣ ያም ሌላ ቃጠሎ ሆነብኝ።

ያን ጊዜ አጥሩ ላይ ታጥቦ ከተሰጣው ፌስታል አንዱን አንስቼ እጄን አጠለቅኩ። ዝቅ ብዬ ዘረጋሁለት። መጣ፣ ፌስታሉን አሸተተ፣ አንዴ ላሰው፣ ከዚያ ተከትሎኝ እስከ ቤቴ ገባ።

አሁን ፀጉሩ ሞልቷል፣ ከጥቁሩ አያንስም። የእሱን ጆንያም ሐሙስ ሐሙስ እቀቅላለሁ። ያን ቀን የተከተለው እኔን ይሁን ፌስታሉን ግን እስከ ዛሬ ማወቅ አልፈለግኩም። ፌስታሉንም አልመለስኩላትም።