የኮኩ ክሽክሽና የብርቱካኑ ዝምተኛ ሌባ

የኮክ ቅጠል ተጨማዶ ባየሁ ቁጥር ሞጣ ያደግኩበት ጓሮ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። በእኛ በኩል አንድ ብርቱካን፣ በጎረቤታችን በጋሽ ሰይድ በኩል አንድ ኮክ ነበር። መሃላቸው አጥር ይባል እንጂ እኔና ልጃቸው ዘይነባ የምንሾልክበት ቀዳዳ ይበዛ ነበር።

አንድ በጋ ሁለቱም ዛፎች ታመሙ። በወጣትነቱ ቅኔ የተማረው አባቴ ብርቱካኑን ከላይ እስከ ታች አየና፣ «ብርቱ ያልሆነ ብርቱካን ምን ያደርግልኛል? ቅዳሜ እቆርጠዋለሁ» አለ። አበባው ሲፈነዳ ሽታው እስከ መኝታችን ይገባ ነበርና አለቀስኩ።

ዘይነባ ልታጽናናኝ ብላ «የእኛ ኮክ ይብሳል» አለችኝ። እኔ ደግሞ በዚህም መሸነፍ አልፈለግሁም። «የእኛ ነው የሚብሰው!» ተከራክረን ተከራክረን ቅጠል በቅጠል መመርመር ጀመርን። የኮኩ ክሽክሽ አረንጓዴና ለስላሳ ተባይ ነው፤ ከቅጠሉ ሥር እንደ ገበያ ተጨናንቆ፣ ሲነኩት ይላወሳል። ጉንዳኖች ከእሱ የሚወጣውን ፈሳሽ ይልሳሉ። ዘይነባም በምላሷ ሞከረችው፤ «ወላሂ፣ ስኳር ነው!»

ብርቱካኑ ላይ ግን አንድም የሚንቀሳቀስ ነገር አጣን። እሷ «አሸነፍኩ!» ብላ ስትጨፍር፣ እኔ በንዴት ቅርንጫፉ ላይ ያለውን ቡናማ ነጥብ በጥፍሬ ፋቅሁት። ተላቀቀ። ከሥሩ እርጥብ ነበር። ቅርፊት ያልነው ሁሉ ለካ ተጣብቆ የሚመጥ ተባይ ነው!

«አባባ! ዛፉ እየተጠጣ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ለቅዳሜው መጥረቢያውን ሲስል የነበረው አባቴ መጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ አየና ሳቀ። «ይሄማ ዝምተኛ ሌባ ነው» አለና መጥረቢያውን መለሰው።

ኮኩን በሳሙና ውሃ ብናጥበው ክሽክሹ ወዲያው ረገፈ። ብርቱካኑ ግን ሳምንታት ፈጀብን፤ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ በጨርቅ ፈተግነው። ጋሽ ሰይድም ሱቃቸውን ዘግተው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው መጡ። በዓመቱ ብርቱካኑ ጎንበስ እስኪል አፈራ፤ የሁለቱም ቤት ሰዎች ከዛፉ ሥር ተቀምጠን፣ ጭማቂው በክርናችን እየወረደ በላን።

ዛሬ ቢቸና የራሴ ጓሮ አለኝ። ልጆቼ ተባይ ሲያዩ ፎቶ አንስተው ስሙን ከስልክ ያገኙታል፤ እኛ ስሙን ሳናውቅ መልኩን ነበር የምናውቀው። ባለፈው እሁድ ግን ትንሿ ልጄ ስልኩን ድንጋይ ላይ ትታ፣ አፍንጫዋን ቅጠል ላይ ለጥፋ አገኘኋት። ምሳ ቀርቦ ነበር፤ አልጠራኋትም።