ብዙኃኑ ኀ ያመለጣት አራሚ

አራሚዋ ከማተሚያ ቤት ጡረታ ወጣች እንጂ ከእርማት አልወጣችም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጎ ፈቃደኞች በኢንተርኔት የሚጽፉትን የዊኪ መዝገበ ቃላት የጋራ ሰንጠረዥ ስትጠብቅ ኖራለች። እያንዳንዱ ቃል እዚያ አንድ መስመር አለው፤ ሌሎቹ ገጾች ሁሉ ፍቺያቸውን የሚቀዱት ከዚያ ነው። እዚያ አንድ ነገር ከተሳሳተ ስሕተቱ መቶ ገጽ ላይ ይበተናል።

ስለዚህ ስክሪፕት፣ ማለትም በራሱ የሚያርም ፕሮግራም፣ ሰንጠረዡን ያነብባል እንጂ ለውጥ አያስቀምጥም አለች። «ማሽኑ» የሚሉት ፕሮግራመር ሦስት ጊዜ ፈቃድ ጠይቋት ሦስቴም አሳፍራ መልሳዋለች። በአራተኛው ግን ዓይኗ ደክሞ፣ ያልታረመው ተከምሮ ነበርና እየከፋትም ቢሆን ፈቀደች። ድምፃቸው አንድ፣ ትርጉማቸው ለየቅል የሆኑትን ቃላት ግን እንዳይነካ ዘርዝራ ሰጠችው።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት የት አለ። ስክሪፕቱ ሥራ በጀመረበት ጠዋት ቁጭ ብድግ፣ ከወንበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ወንበር ሆነ ሥራዋ። ባሏ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምጥ የያዛት መሰልሽ እኮ።»

«ዝም በል። ይሄኔ ስንቱን አበላሽቶት ይሆናል።»

እውነቱን ለመናገር፣ እንዲያበላሽ ፈልጋ ነበር። አጉሊ መነጽሯን ይዛ መስመር በመስመር ስታስስ ቆይታ ረፋድ ላይ አገኘች። መዳን ማለት የሆነው «ድኅነት» መስመሩ የለም፤ ተሰርዞ የማጣቱ «ድህነት» ብቻ ቀርቷል። ከሕመም ስለ መዳን የሚያወራው ገጽ ሁሉ አሁን ፍቺው ችጋር ሆኗል። ደሟ ፈላ፤ ደስም አላት።

«አልነገርኩህም?» አለችው ማሽኑን በስልክ። «በሽተኛውን ሁሉ ደሀ አደረገው። አሁኑኑ ፈቃዱን አነሣለሁ።»

«እትዬ፣ እርስዎ የሰጡኝን ቃላት አይነካም እኮ። እስቲ የገጹን ታሪክ ይክፈቱት፤ ለውጡን ማን እንዳስቀመጠው እዚያ ተጽፏል።»

ከፈተች። መስመሩ የተሰረዘው ስክሪፕቱ ሥራ ከመጀመሩ ከሁለት ወር በፊት ነው። «ተደግሟል፣ ተሰርዟል» ይላል ማስታወሻው፤ አጠገቡ ያለው የእሷ ስም ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስል ማለት ይህ ነው። አጉሊ መነጽሩን አስጠግታ ሀሌታውን ህ እና ብዙኃኑን ኅ በየተራ አየቻቸው፤ ለመለየት ብዙ ጊዜ ወሰደባት። አፈረች። ከኀፍረቱ ይልቅ ግን ሌላው ጥያቄ ባሰባት፤ እንዲህ አድርጋ ስንት ቃል ሰርዛ ይሆን?

«እትዬ፣ አሉ?»

«አለሁ። የስክሪፕቱን ተወው፤ የእኔን ፈቃድ አንሣልኝ።»

«የእርስዎን?»

«አዎ። ስክሪፕትህንም ዘጠኝ ዓመት ወደ ኋላ መልሰውና የእኔን እጅ ያርም።»