የትናንቱ አባት

እናቴ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል በተኛች በአምስተኛው ቀን ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠርቶ ወደ ቤት ብወስዳት እንደሚሻል ነገረኝ። ምን ማለት እንደሆነ የማይገባው የለም። እሷም ሳልነግራት ገብቷት ኖሮ የንስሐ አባቷ እንዲጠሩላት ጠየቀችኝ። «ሠላሳ ዓመት የደበቅኋቸው አንድ ነገር አለ» አለች። «እሱን ሳልናገር ብሞት አልፈታም።» ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ የሚጠየቅም አይደለም።

ወደ አገራችን ወደ አምበር ደወልሁ። አባ በማግስቱ ቀድሰው እንደሚመጡ ነገሩኝ። እናቴ ግን ትኩሳቱ እያቃዣት በየደቂቃው «መጡ?» ትላለች። ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል።

ከሰዓት በኋላ አጠገባችን ያለችውን በሽተኛ አንድ ቄስ ሊጠይቋት መጡ። ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል፣ የእጅ መስቀል ይዘዋል፣ በግዕዝ ይጸልያሉ። ሴትዮዋ ካቶሊክ መሆኗን ነግራኝ ስለነበር እኔ አልተሳሳትሁም። እናቴ ግን ግዕዙን ስትሰማ እጇን ዘረጋች።

«አባቴ፣ መጡልኝ?»

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ካቶሊክ መሆኔን ታውቃለች?» አሉኝ። «አውቃ ከጠየቀችኝ እሰማታለሁ፤ ለሞት የቀረበን ሰው እንድመልስ ቤተ ክርስቲያኔ አታዘኝም።»

«ታውቃለች» አልኋቸው። ወዲያው ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብዬ «አዎ እማዬ፣ አባ ናቸው» አልኋት። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ውሸት። እስከ ነገ የምትቆይ አልመሰለኝም። መስቀል ያው መስቀል ነው ብዬም ነበር፣ ምን እደብቃለሁ። ወጥቼ በር ላይ ቆምሁ። ስመለስ ግንባሯ ተፍታትቶ እንቅልፍ ወስዷታል።

አመሻሽ ላይ ወንድሜ መጣ። እሱ ጴንጤ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። የሆነውን ስነግረው «ያም ሰው፣ ያም ሰው» አለኝ። «ኃጢአቷን በቀጥታ ለጌታ ብትነግረው ማን ይከለክላታል?» እናታችን እያጣጣረች እሱ ይሰብከኛል። ተናድጄ ሻይ ግዛ ብዬ ከክፍሉ አስወጣሁት።

በማግስቱ አባ ሲደርሱ ትኩሳቱ ለቋት፣ አእምሮዋ ጠርቶ ነበር። በር ላይ አስቁሜ እውነቱን ነገርኋቸው። አልተቆጡም፤ ብቻ ፊታቸው ጠቆረ። «የእነሱን ቡራኬ እኛ አንቀበለውም» አሉኝ። «ለእኛ አልተናዘዘችም፣ አልተፈታችም። እንደ አዲስ ትናገር።»

ገብተው «እግዚአብሔር ይማርሽ፣ ልጄ» አሏት። እናቴ ድምፁን ስትሰማ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ከዚያ በተቆራረጠ ትንፋሽ፣

«ታዲያ... የትናንቱ... ማን ነበሩ?»

የጠየቀችው እኔን ነው። ትናንት ለሁሉም የሚሆን ውሸት የነበረኝ ሰውዬ ወደ አባ ዞርሁ። አባ ደረቷን አዩ፤ ያን ሁሉ እንደገና የምትናገርበት ትንፋሽ እንደሌላት ለማንም ግልጽ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«እኔው ነበርሁ፣ ልጄ። ነግረሽኛል፣ ፈትቼሻለሁ። አሁን እረፊ።»

በር ላይ ያሉኝን የሰማሁ እኔ ነኝ፤ ጆሮዬን አላመንሁትም። እናቴ ግን የሠላሳ ዓመት አባቷን ድምፅ ታውቃለች፣ ትናንት የሰማችው እሱ አለመሆኑንም አሁን አውቃለች። መስቀሉን ወደ ከንፈሯ ሲያስጠጉላት ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ዕድሜዋን ሙሉ መንገድ ላይ ያገኘችውን ቄስ ሁሉ አስቁማ መስቀል የምትሳለም ሴት ናት።

ቀትር ሳይሆን ሞተች።

አምበር ወስደን ቀበርናት። አባ ፍትሐቱን አንድም ሳያጓድሉ ፈቷት፤ ወንድሜ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሞ አለቀሰ። የካቶሊኩ ቄስ ነገሩን የሰሙ አይመስለኝም፤ እናቴ የነገረቻቸው ምስጢር ግን እሳቸው ጋ ቀርቷል።

አባ የእኔም የንስሐ አባት ናቸው። በየጾሙ መግቢያ ቤቴ መጥተው ጠበል ይረጫሉ፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቁኛል፣ ስለ እህሉ ዋጋ እናወራለን። ሁለቱን ውሸቶቼን እስካሁን አልተናዘዝኋቸውም። እሳቸውም ጠይቀውኝ አያውቁም።