መሀል ላይ የተቀጠለው ክር

አዴ ዘሃራ የበደለችኝ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እያለሁ፣ በልጇ በሰዓዳ ሠርግ ነው። ጎረቤታችን ነበረች። ደቻቱ ወንዝ ዳር ባለው ግቢያችን ለሴት ልጆች ዶቃ መስፋት የምታስተምረውም እሷ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ሰሌን ላይ ከብበናት እንቀመጥ ነበር። መጀመሪያ ክሩን በሰም እናሸዋለን። ከዚያ አንድ ዶቃ መጨመር፣ አንዱን መዝለል፣ መርፌውን በቀጣዩ ውስጥ መልሶ ማሳለፍ ነው። እጄ ፈጣን ስለነበር የሰዓዳን የአንገት ጌጥ ለእኔ ሰጠችኝ። እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ አወራች።

የሙሽራ ጌጥ ግን ሕግ ነበረው፤ መሀሉ ላይ ክር አይቀጠልም፤ ጌጡ ከተበጠሰ ትዳሩም አይጸናም ይባላል። ክሩ ካለቀ ሁሉም ተፈትቶ በረጅም ክር እንደገና ይጀመራል። በሠርጉ ዋዜማ አራት ጣት ሲቀረኝ አለቀብኝ። ልፈታው ስል አዴ ዘሃራ መርፌውን ነጠቀችኝ።

«አቦ ተይ! ነገ ሠርግ ነው።»

«አዴ፣ አይቀጠልም ብለሽናል እኮ።»

«ማን ጎንበስ ብሎ ሊያየው ነው? አንቺ የቃዲ ልጅ ነሽ እንዴ?»

ልጆቹ ሳቁ። ራሷ ቀጠለችውና ቋጠሮውን ዶቃ ውስጥ ደበቀችው።

በማግስቱ ከደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ሴቶቹ እየዘፈኑም ጆሯቸው ወንዙ ላይ ነበር፤ ተራራው ላይ ከዘነበ ያ ደረቅ አሸዋ ድንገት ጎርፍ ይሆናል። ሰዓዳ ልትወጣ ብድግ ስትል ጌጡ አንገቷ ላይ ተበጠሰ። ዶቃው ሲሚንቶው ላይ ሲንከባለል እልልታው ቀጥ አለ። አንዲት አሮጊት «አታንሱት» አለች። ማንም አላነሳም።

አዴ ዘሃራ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። «እሷ ናት የሠራችው። እጇ ደግ አይደለም!» ትናንት የሳቁት ልጆች ሁሉንም አይተዋል። አንድ በአንድ ወደ እናቶቻቸው ጀርባ ሸሹ።

ሰዓዳ ዓመት ሳይሞላት ተፈትታ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ አራስ ልጠይቅ ስገባ ሕፃኑን ይሸፍኑብኝ ጀመር። እናቴ ሠርግ ይዛኝ መሄድ ተወች። ለራሴ ሠርግ እንኳ ሂና የሚቀባኝ ጠፍቶ አክስቴ ከሐርላ መጣች።

የዛሬ ልጆች ስፌቱን ከስልክ ላይ ይማራሉ። ሲበጠስባቸው ይስቃሉ፣ ለቅመው ይቀጥላሉ። ደስ ይለኛል፤ ይቆጨኛልም።

ዘንድሮ አዴ ዘሃራ አልጋ ላይ ዋለች። ሰዓዳ መጥታ ደጄ ላይ ቆመች።

«እናቴ ጥፋቱ የኔ ነበር ትላለች። አውፍ በይኝ ብላሻለች።»

«ያኔ ለነበሩት ትንገራቸው።»

«የት አሉ? ሁሉም አልቀዋል እኮ» አለችኝ እያለቀሰች።

በሩን ዘጋሁት። ከሁለት ቀን በኋላ አዴ ዘሃራ ሞተች። አውፍ አላልኳትም፤ ለቅሶም አልሄድኩም።