ያልፈሰሰው ዘይት

ባለፈው ወር የአባቴን ጋራዥ ባዶ ስናደርግ፣ ከአሮጌ ጎማዎችና ከዛገው ክሪክ ጀርባ አንድ የበረኪና ጋሎን አገኘሁ። ነጭ የነበረው ፕላስቲክ እንደ ሽማግሌ ጥርስ በልዟል። ወገቡ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር፣ ወደ ታች በሚንሸራተተው የአባቴ የእጅ ጽሑፍ፣ «የተክሉ መኪና» ይላል። ክዳኑን በስንት ትግል ፈታሁትና አሸተትኩት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው፤ ለሌላው ሰው ምንም አይደለም። እኔ ግን ሃምሳ የሞላኝ ሴትዮ፣ እዚያው ሲሚንቶው ላይ እንደቆምኩ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ። ልጄ በሩ ላይ ሆና አፍንጫዋን ይዛ «ማም፣ ዛትስ ሶ ግሮስ! ጣይው በቃ» አለችኝ። መጣል! ለዚህ ጋሎን ሲባል ምን እንደተደረገ በምን ትወቅ።

ልጅ እያለሁ፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ የምንኖረው በኮሎምበስ ምሥራቅ በኩል ባለ ሁለት ፎቅ የጡብ አፓርትመንት ውስጥ ነበር። ያኔ ሐበሻ በጣት የሚቆጠር ስለነበር፣ እናቴ ግሮሰሪ ውስጥ የአገር ሰው ፊት ካየች ጋሪዋን ትታ ትሮጣለች። አባቴ እዚህ ከመምጣቱ በፊት ምጽዋ ወደብ ላይ የመርከብ ሞተር ጠጋኝ ነበር። ጦርነቱ ሲገፋን በሱዳን በኩል አድርገን ኦሃዮ ገባን። ኦሃዮ ደግሞ፣ ለማያውቅ ልንገረው፣ ባሕር ለማየት ቀኑን ሙሉ መንዳት የሚያስፈልግበት አገር ነው። እግዜር አባቴን ከባሕር ዳር አንሥቶ የበቆሎ እርሻ መሃል አስቀመጠው።

ከምጽዋ ስንወጣ አራት ዓመቴ ስለነበር ባሕሩን አላስታውስም። አላስታውስም ማለት ግን ያሳፍረኝ ነበር። አንድ ቀን ትምህርት ቤት የተወለዳችሁበትን ቦታ ሣሉ ተብለን፣ አንድ ሰማያዊ መስመር ብቻ አስምሬ ቤት መጥቼ አለቀስኩ። አባቴ የመታጠቢያ ገንዳውን ሞቅ ባለ ውሃ ሞላና ከወጥ ቤት አንድ ሙሉ ካርቶን ጨው አምጥቶ ገለበጠበት። «የምጽዋ ባሕር እንዲህ ሞቃት ነው። ግቢና ቅመሺው» አለኝ። ቀመስኩት፣ ፊቴን አጨማደድኩ፣ እሱም በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ባዶውን ካርቶን ይዛ «አሁን ወጤን በምን ላጣፍጠው ነው? በዕንባችሁ?» ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ገላዬን ስታጠብ፣ ባሕሬ ውስጥ አንድ እፍኝ ጨው አይጠፋም ነበር።

አባቴ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ወሬውን የሚያወራኝ ያኔ ነው። ከሁሉም የምወደው የወፏን ነበር። አንድ ቀን ከአንድ መርከብ ጥቁር ዘይት ፈሶ ውሃውን ሸፍኖታል፤ አንዲት ነጭ የባሕር ወፍ ክንፏ ተጣብቆ እዚያ ውስጥ ትንፈራገጣለች። አባቴ ዘሎ ገብቶ አወጣትና በልብስ ሳሙና ግማሽ ቀን አጠባት። የወፏ ምስጋና አውራ ጣቱን ቦጭቆ መንከስ ነበር። እዚህ ሲደርስ ጠባሳውን ያሳየኛል፤ እኔም በጣቴ እነካዋለሁ። «ከዚያስ?» እላለሁ፣ መቶ ጊዜ ሰምቼው። «ከዚያማ ደረቀችና ወደ ዳህላክ በረረች።» መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ፊቱ ኮስተር ይላል፤ «ባሕር ላይ ዘይት የሚደፋ ሰው እናቱ ድስት ውስጥ ቢተፋ ይሻለዋል።»

ከሰኞ እስከ ዓርብ አባቴ ግሮቭፖርት አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይገፋል። እዚያ ስሙን እንኳ አሳጥረው ነው የሚጠሩት። ቅዳሜ ግን ሌላ ሰው ነው። አዲስ የመጣ ሐበሻ ሁሉ፣ ከማን እንደገዛት የማይናገራትን አሮጌ መኪናውን እያንደቀደቀ የአፓርትመንታችን ፓርኪንግ ይመጣል፤ አባቴን «ኢንጅነር» ብሎ ይጠራዋል። አባቴ መኪናዋ ሥር ይገባና እጁን ይዘረጋል፤ እኔ ቁልፍ አቀብላለሁ። የትኛው ቁልፍ የትኛውን ቡሎን እንደሚፈታ ከክፍሌ ልጆች ሁሉ እኔ ብቻ አውቅ ነበር፤ ማንም ባይጠይቀኝም። የዘይቱ ቡሎን ሲፈታ ጥቁሩ ዘይት ጧ ብሎ ሳፋው ውስጥ ይወርዳል።

አባቴ ያንን ሳፋ ሲሸከም ማየት ነበር። ሣሩ ላይ ጠብ እንዳይል እንደ ታቦት ተጠንቅቆ በሁለት እጁ ይዞ፣ ቀስ ብሎ ይራመድና ፓርኪንጉ ጥግ ካለው የጎርፍ መውረጃ ፍርግርግ ላይ ይገለብጠዋል። «ሣር ላይ መድፋት ነውር ነው» ይላል። «እዚህ አገር ሁሉን የሚያጣራ ፋብሪካ አለ፤ ቱቦውን የሠሩት ለዚህ ነው።» እኔም አመንኩት። የአሜሪካን ፋብሪካ ያላመነ ስደተኛ ያኔ አልነበረም።

በዚያ ጸደይ አስተማሪያችን አንድ ባልዲ ቀይ ሥር ቀቅላ ውሃውን ይዛ መጣች። የክፍሉን ግማሽ ግቢው ውስጥ ካለው የጎርፍ መውረጃ አጠገብ ባልዲውን እንዲደፉ አቆመች፤ ግማሾቻችንን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው ጅረት ላከችን። «ጠብቁ» ብላናለች። ጠበቅን። ጭቃው ይሸታል፤ እንቁራሪቶች ይንጫጫሉ። ድንገት ከጅረቱ ዳር ካለው የሲሚንቶ ቱቦ አፍ ቀይ ውሃ ፈሰሰ። ልጆቹ በደስታ ጮኹ። እኔ የአባቴን ሳፋ አሰብኩ። ፋብሪካ የለም፤ በቱቦውና በጅረቱ መካከል ምንም የለም። ክፍል ስንመለስ አስተማሪያችን ትልቅ ካርታ ዘርግታ ጅረቱን በእንጨት ተከተለችው፤ ወንዝ ወንዙን ይዛ ወርዳ ወርዳ ሰማያዊው ላይ አቆመች።

ያ ሳምንት አልነጋም አልመሸም። ለእናቴ ብነግራት «አባትሽን ልታርሚው ነው? ዝም በይ፤ እሱ የሚያውቀውን ያውቃል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በእኛ ቤት ልጅ አባቱን አያርምም። ደግሞስ ቅዳሜ እኮ አባቴ ኢንጅነር የሚሆንባት አንዲት ቀኑ ናት። እሷን እንዴት ልንጠቀው? ቁልፎቹን ብደብቃቸውስ ብዬ ሁሉ አሰብኩ።

ቅዳሜ ደረሰ። ታክሲ የሚነዳው ጋሼ ተክሉ፣ ቀልድ ካላወራ ምግብ የማይፈጭለት ሰው፣ ጀልባ የምታክል ቡናማ መኪናውን ይዞ፣ ከአገር አዲስ የገቡ ሁለት ወጣቶች አስከትሎ መጣ። «ኢንጅነር፣ ኦይል ቼንጅ አድርግልኝና እነዚህም ሥራህን ይዩ» አለ። አባቴ ደረቱ ሰፋ። ሠራ፤ እኔ ቁልፍ እያሳሳትኩ አቀበልኩ። ሳፋውን አንሥቶ መራመድ ሲጀምር ሮጬ ቀደምኩትና ፍርግርጉ ላይ ተቀመጥኩ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር።

«ሉሊት፣ ተነሺ።»

«ኖ።»

«ምን ሆነች ይቺ? ስትራይክ አደረገች እንዴ?» አለ ጋሼ ተክሉ።

«ተነሺ አልኩሽ፣ ከባድ ነው።»

«ኢት ጎዝ ቱ ዚ ኦሽን!» ብዬ ጮኽኩ። የድፍረት ቋንቋዬ ያኔ እንግሊዝኛ ነበር። ከዚያ በአማርኛ ደገምኩት፤ «ባሕር ነው የሚገባው፣ አባዬ። ፋብሪካ የለም። በዓይኔ አይቻለሁ። ያቺ ወፍ…» ብዬ ለቅሶዬ አቋረጠኝ።

ጋሼ ተክሉ በሳቅ ጭኑን መታ። «ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት! ኢንጅነር፣ አለቃ መጣብህ!» ወጣቶቹም ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። ዓይኔ ሳፋውን የያዘው እጁ ላይ አረፈ፤ ባለ ጠባሳው አውራ ጣት በዘይት ጠቁሯል። አባቴም የማየውን አየ። ሳፋውን እግሬ ሥር ጠብ ሳያደርግ አስቀመጠው። «ተክሉ፣ መኪናህ አልቋል» አለና ወደ ቤት ገባ። አባቴን አፍሮ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ያሳፈርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ያን ቀን አመሻሽ ገንዳው ውስጥ ጨው አልነበረም። እሑድም፣ ሰኞም፣ ማክሰኞም አባቴ ከእራት በኋላ ወዲያው ይተኛል። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ በወደድኩ። ሳፋው ደረጃው ሥር ጣውላ ተከድኖበት ተቀምጧል፤ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ሽታው ይወቅሰኛል። አባቴ ዳግመኛ ወሬ አያወራኝም፣ ባሕሬም በዚሁ ቀረ ብዬ ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ።

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ሲመለስ ከነዳጅ ማደያ የወሰደውን የመንገድ ካርታ ይዞ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና «አሳዪኝ» አለኝ። ጣቴን አስቀመጥኩ። አለም ክሪክ የሚባለው ጅረታችን፣ ከዚያ ቢግ ዋልነት፣ ከዚያ ሳዮቶ፣ ከዚያ የኦሃዮ ወንዝ፣ ከዚያ ሚሲሲፒ። ጣቱ ጣቴን እየተከተለ ወረደ። ሰማያዊው ላይ ስንደርስ እኔ እጄን አነሣሁ፤ እሱ ግን አላነሣም።

«ሁለት ዓመት» አለ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ደፋሁበት።» ከዚያም «ያ የፊተኛው አሁን የት ደርሶ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ምናልባት ሚሲሲፒ» አልኩት። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ምሕረት አላውቅም።

«ለምን እዚያው ዕለት አልነገርሽኝም?»

«ነውር ነው ብዬ።»

ባለ ጠባሳውን ጣት አገጬ ሥር አድርጎ ቀና አደረገኝ። «ነውርስ እኔ ያደረግኩት ነው። እውነት ሲሆን አባትሽንም አትፈሪ» አለኝ። ከወንበሬ ዘልዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፤ ካርታው ከሥራችን ተቀደደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እናቴ ናት የያዘችው። ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራ ስለነበር ባዶ የበረኪና ጋሎኖች እያለቀለቀች ማምጣት ጀመረች። አባቴ ዘይቱን ይሞላል፣ የባለመኪናውን ስም ይጽፋል፣ ደረጃው ሥር ይደረድራል። «ባሕሩን አዳናችሁት፣ ቤቴን ግን ነዳጅ ማደያ አደረጋችሁት» ትላለች እናቴ። ያገለገለ ዘይት የሚቀበል ማደያ ፍለጋ ቅዳሜ ጠዋት ስንዞር ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁብን፤ በመጨረሻ ጓሮው በርሜል ያለው አንድ ሽማግሌ ተቀበለን። ጋሼ ተክሉም ለአዲስ መጪ ሁሉ «እዚያ ቤት ዘይት ከመቀየርህ በፊት ከትንሿ ኢንስፔክተር ፈቃድ አውጣ» እያለ ወሬውን አዳረሰው፤ ሳቀም ቀለደም የራሱን ጋሎን ይዞ መምጣት የጀመረው እሱ ነው። አባቴ ጋሎኖቹን ሁሉ ለሽማግሌው ሲያስረክብ የመጀመሪያውን፣ የጋሼ ተክሉን የሳፋ ዘይት የያዘውን፣ ብቻ አስቀረ። «ይሄ ይቆይ» አለ። 

አሁን እኔ ፎረስት ፓርክ በምኖርበት መንገድ፣ በየጎርፍ መውረጃው አጠገብ የዓሣ ሥዕል አለ። የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ውሃው የት እንደሚሄድ ያውቃል፤ ማንም ፍርግርግ ላይ ተቀምጦ ማልቀስ አይጠበቅበትም። ደስ ይላል። የገንዳ ባሕር የሚሠራለት ልጅ ግን ስንት እንዳለ እንጃ። ባሕር ለማየት ልጄ ስልኳን ትከፍታለች፤ እኔ ቅዳሜን እጠብቅ ነበር። አባቴ እንኳ «በሚመጣው ሰመር ባሕር እንሄዳለን» እያለ፣ የሥራ ሺፍቱ፣ ሬይኖልድስበርግ የገዛው ቤት የባንክ ዕዳ፣ የእናቴ ሕመም፣ በኋላም ሞቷ እየያዘው፣ ከአርባ ዓመት በላይ ባሕር ሳያይ ኖረ። አሁን ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፤ ቤቱን ሸጦ እኔ ጋ ሊገባ ነው።

ጋሎኑን ያገለገለ ዘይት ወደሚቀበለው የመኪና ዕቃ መሸጫ የወሰድነው ከአባቴ ጋር ነው። እግሮቹ መካከል አድርጎ በሁለት እጁ ይዞት ሄደ። እሱ መኪና ውስጥ ቆየ፤ እኔ ገባሁ። ወጣቱ ሠራተኛ ፕላስተሩን እንኳ ሳያይ ተቀብሎኝ ትልቁ ታንከር ውስጥ ገለበጠው። አርባ ዓመት የተጠበቀ ነገር ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም።

«ተቀበሉሽ?» አለኝ አባቴ ስመለስ።

«ተቀበሉኝ።»

«ሲገለብጡት አየሽ?»

«አየሁ፣ አባዬ።»

መኪናውን አስነሣሁ። ጥቂት እንደሄድን በመስኮቱ እያየ «ያ የፊተኛውስ?» አለ። «ያ የሁለት ዓመቱ። ደርሶ ይሆን?»

አልደረሰም፣ መንገድ ላይ ቀርቷል ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ሽማግሌ ነው፤ ማን ይታዘበኛል? ግን አትፈሪ ያለኝ እሱ ራሱ ነው።

«ደርሷል፣ አባዬ። ድሮ ነው የደረሰው።»

ራሱን ነቀነቀ። «እኔም እንደዚያ ነው የማስበው» አለና ጠባሳውን በሌላው እጁ ጣት አሸት አሸት አደረገው። ዘንድሮ ሰመር፣ ነገ ሳንል፣ ወንዙ ባሕሩ ውስጥ እሚገባበት ድረስ እንደምንሄድ ነገርኩት፤ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ልጄም ትነዳልናለች።

ሁለት መብራት አለፍን። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ «እንግዲያው የልብስ ሳሙና እንዳትረሺ» አለኝ።