እጁ ላይ የለጠፍኩት ወርቅ

ወርቅ ጣት ላይ ተጣብቆ እንደሚቀር ያወቅሁት በአስር ዓመቴ ነው። ያን ጊዜ በስደት፣ ኧርቪንግ የምትባል ከተማ ውስጥ፣ አውሮፕላን ጣሪያችን ላይ እያጓራ በሚያልፍበት አፓርትመንት እንኖር ነበር። አባዬ ታክሲ ይነዳል። ሥራ የቀዘቀዘ ዕለት ቀበቶው ይፈታል። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» እያለ ታላቅ ወንድሜን ከድርን ጀርባው እስኪተለተል ይገርፈዋል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እንዲሉ፣ ለጎረቤት የሚሰማው የአባዬ ጩኸት ነበር። እጠላው ነበር። ፒዛ ይዞልን የመጣ ቀን ደግሞ እወደዋለሁ፤ ልጅ ምን ያድርግ!

ከጎናችን እማማ ካም የምንላቸው ከላኦስ የመጡ አሮጊት ነበሩ። እማዬ ሆቴል ሥራ ስትገባ እኔን የሚጠብቁኝ እሳቸው ናቸው። አንድ እሁድ ለቤተ መቅደሳቸው አዲስ የቡድሃ ሐውልት መጣና ይዘውኝ ሄዱ። ግቢው የተጠበሰ ሙዝ ይሸታል። ሐውልቱ ጥቁር ነበር፤ ወርቁን የሚያለብሰው ሕዝቡ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች የወርቅ ልባጥ በወረቀት ታጥፋ ትሰጠዋለች። ጭንቅላቱን የሚያመው የሐውልቱ ጭንቅላት ላይ፣ ጉልበቱን የሚያመው ጉልበቱ ላይ ይለጥፋል። እማማ ካም ወገቡ ላይ ለጠፉና በተሰባበረ እንግሊዝኛ የሚያምሽ ቦታ ላይ አድርጊው አሉኝ።

እኔን የሚያመኝ አልነበረም። የታመመውን ግን አውቀው ነበር። የሐውልቱ ቀኝ እጅ ላይ ለጠፍኩና በአውራ ጣቴ ጠበቅ አድርጌ አሸሁት።

ቤት ስገባ አባዬ ጣቴ ላይ የቀረውን ወርቅ አየ። መጀመሪያ የሰረቅሁ መሰለው። እውነቱን ስነግረው ባሰበት፤ የወሎ እስላም ልጅ ለጣዖት ስትሰግድ ታየው። ቀበቶው ጀርባዬ ላይ፣ ክንዴ ላይ፣ ጆሮዬ ላይ አረፈ። ከድር መሀል ሲገባ ከግድግዳው ጋር አጋጨውና ከንፈሩ ተተረተረ። ምንጣፉ ላይ የወንድሜን ደም ሳይ አፌ ተፈታ።

«ለራሴ አይደለም አባዬ። እጅህን እንዲሻልህ ብዬ ነው።»

ቀበቶው አየር ላይ ቆመ። ትንሽ ቆየና ወረደብኝ።

አሁን አባዬ ካሮልተን እኔ ዘንድ ነው። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተኝቶ ይውላል። ዱዓ ሲያደርግ ግራውን እሱ ያነሳል፣ ቀኙን እኔ እደግፍለታለሁ። ከድር እዚሁ ቅርብ ዴንተን ከተማ ሆኖ አይጠይቀውም፤ አልፈርድበትም። የኔ ልጆች ሳህን ሰብረው እየሳቁ ይሮጣሉ፤ እኛ ሳህን ስንሰብር ትንፋሻችንን ነበር የምንውጠው። ያም ሆኖ ያ ጊዜ ይናፍቀኛል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ባለፈው ጥፍሩን ስቆርጥለት ቀኝ እጁን አተኩሮ አየው።

«ምነው ያኔውኑ ሽባ በሆነ» አለኝ።

እኔ የለመንኩት እንዲሻለው ነበር።